ከሉአንግ ፕራባንግ በግል ጀልባ ወደ ፓክ ኡ ዋሻዎች፣ ከዚያ ወደ ኩዋንግ ሲ ፏፏቴ፦ በአንድ ቀን እንዴት ይደረሳል?

ከላኦስ ከተመለስኩ ወዲህ ፎቶዎቹን ያየ ሰው ሁሉ የሚጠይቀኝ አንድ ነገር ነው። «ዋሻውንም ፏፏቴውንም በአንድ ቀን እንዴት አዳረሳችሁት? ጀልባውንስ ከየት ተከራያችሁ?» ለእያንዳንዱ በድምፅ ስመልስ ጉሮሮዬ ደረቀ። አንዴ ጽፌው ልገላገል።

መጀመሪያ አቅጣጫው ይግባችሁ። ሉአንግ ፕራባንግ ሰሜን ላኦስ ውስጥ፣ ናም ካን የሚባለው ወንዝ ሜኮንግን የሚቀላቀልበት ቦታ ላይ ያለች ትንሽ ከተማ ናት። የፓክ ኡ ዋሻዎች ከከተማዋ 25 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ሰሜን፣ ሜኮንግን ሽቅብ ይዞ ነው። ኩዋንግ ሲ ፏፏቴ ደግሞ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ወደ ደቡብ። ከተማዋ መሃል ናት፣ ሁለቱ ግራና ቀኝ። በዚያ ላይ ፏፏቴው ሜኮንግ ዳር አይደለም። በጀልባ ብትሄዱ እንኳ መጨረሻው ላይ መኪና መያዛችሁ አይቀርም። ስለዚህ ጠዋቱ የጀልባ ነው፣ ከሰዓቱ የመኪና። ይህን ሳያውቁ «ሙሉ ቀን ጀልባ» ብለው የሚከፍሉ ሰዎች ናቸው ፏፏቴውን ሳያዩ የሚመሽባቸው።

የቦታ ስሞቹ እንዳያምታቷችሁ፦ «ታም» ዋሻ ነው፣ «ናም» ውሃ ወይም ወንዝ፣ «ባን» መንደር፣ «ታት» ፏፏቴ፣ «ፓክ» አፍ። ፓክ ኡ ማለት የኡ ወንዝ አፍ ማለት ነው፤ ናም ኡ ወንዝ ሜኮንግ ውስጥ የሚገባው እዚያው ፊት ለፊት ነውና።

የሚያዙ ነገሮች

- የእጅ ባትሪ ወይም የግንባር መብራት። የላይኛው ዋሻ ድቅድቅ ጨለማ ነው። የስልክ መብራት ይሠራል፣ ግን ባትሪውን ለፏፏቴው ፎቶ ትፈልጉታላችሁ።
- ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ። ቦታው የጸሎት ቦታ ነው። ነጠላ ወይም ሰፊ ስካርፍ ከያዛችሁ ትከሻም ይሸፍናል፣ ጠዋት ጀልባው ላይ ብርዱንም ይከላከላል።
- ጃኬት። «ሞቃት አገር ነው» ብላችሁ እንዳትተዉት፣ ምክንያቱን ከታች እነግራችኋለሁ።
- የዋና ልብስና ፎጣ፣ እርጥቡን መያዣ ፌስታል።
- እግር ላይ የሚጠብቅ፣ ታቹ የማያንሸራትት ጫማ። ሸበጥ ብቻ ይዛችሁ አትሂዱ።
- ውሃ የማያስገባ ትንሽ ቦርሳ ለስልክና ለፓስፖርት።
- ዝርዝር ኪፕ፣ ማለትም የላኦስ ገንዘብ። የዋሻው መግቢያ፣ የፏፏቴው መግቢያ፣ ሽንት ቤቱ፣ ሻዩ ሁሉም በጥሬ ገንዘብ ነው ብላችሁ አስቡ። ትልቅ ኖት ስትሰጡ መልስ የለም ይሏችኋል።
- የመጠጥ ውሃ፣ ኮፍያ፣ የፀሐይ ክሬም፣ የትንኝ መከላከያ።
- የማቅለሽለሽ ችግር ያለበት ሰው ካለ ኪኒኑን ቀድሞ ይዋጥ። ወንዙ የተረጋጋ ነው፣ ግን ወደ ፏፏቴው የሚወስደው መንገድ ጠመዝማዛ ነው።

1. ወቅቱን እዩ

ከኖቬምበር እስከ ፌብሩዋሪ፣ በእኛ ከጥቅምት ማብቂያ እስከ የካቲት ግድም፣ ምርጡ ጊዜ ነው። ዝናብ የለም፣ የፏፏቴው ውሃም ያንን ፎቶ ላይ የምታዩትን ሰማያዊ ይይዛል። ጉዳቱ ብርዱ ነው። በዲሴምበርና በጃንዋሪ ጠዋት ሜኮንግ ላይ ጉም ይወርዳል፣ ጀልባው ደግሞ ጎኑ ክፍት ነው፣ እየሄደ ንፋሱ ይገርፋችኋል። ጃኬቱ ለዚህ ነው።

ማርችና ኤፕሪል ላይ ገበሬዎች ማሳ ስለሚያቃጥሉ ሰማዩ በጭስ ይሸፈናል፣ ተራሮቹም አይታዩም። አስም ያለበት ሰው ካላችሁ ይህን ጊዜ ዝለሉት። በኤፕሪል አጋማሽ የላኦ አዲስ ዓመት ነው። ምእመናን ወደ ዋሻዎቹ ሄደው ሐውልቶቹን በውሃ ያጥባሉ። ደስ ይላል፣ ነገር ግን ከተማው ውስጥ ሰው በሰው ላይ ውሃ የሚደፋበት ሰሞን ስለሆነ ስልካችሁን በላስቲክ ሳትጠቀልሉ ከቤት አትውጡ።

ከሜይ እስከ ኦክቶበር ዝናብ ነው። ወንዙ ይሞላል፣ ፏፏቴው ያገሳል፣ ግን ከከባድ ዝናብ በኋላ ሰማያዊው ቀለም ይጠፋና ቡና በወተት ይመስላል፤ መዋኘትም ሊከለከል ይችላል።

2. «የግል» ሲሏችሁ ምን ማለታቸው እንደሆነ ጠይቁ

ብዙው ጣጣ የሚመጣው እዚህ ጋ ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት።

የግል ጀልባ ማለት ጀልባው በሙሉ ለእናንተ ብቻ ነው። ዋጋውም በጀልባ ነው፣ በሰው አይደለም። ሁለትም ሁኑ ስድስት ያው ነው። ስለዚህ አራት አምስት ሆናችሁ ብትከራዩ የነፍስ ወከፉ ወጪ ይወርዳል። በየጎዳናው የሚያስማሙ ደላላዎች ግን «ፕራይቬት» የምትለውን ቃል እንደ ጌጥ ነው የሚጠቀሙባት። «ፕራይቬት» ብለው ሸጠውላችሁ ጠዋት ስትደርሱ ሌሎች ስምንት ሰዎች ተቀምጠው ልታገኙ ትችላላችሁ።

ሦስት ቦታ መጠየቅ ትችላላችሁ። አንዱ ያረፋችሁበት ሆቴል ወይም ጌስት ሃውስ ነው። ሁለተኛው ዋናው መንገድ ላይ የተደረደሩት የጉዞ ወኪሎች ናቸው። ሦስተኛው ራሱ ወንዙ ዳር፣ ጀልባዎቹ የሚቆሙበት ነው፤ ከቤተ መንግሥት ሙዚየሙ በስተጀርባ ወደ ሜኮንግ ስትወርዱ ታገኙታላችሁ። ወንዙ ዳር ያለው ብዙ ጊዜ ርካሽ ነው፣ ግን መኪናውን ራሳችሁ ማያያዝ አለባችሁ። እኔ ብሆን ከጉዞው በፊት ባለው ቀን ከሰዓት ወርጄ ጀልባውን ራሱን አይቼ፣ ባለ ጀልባውን አናግሬ እስማማለሁ። ያላዩትን ጀልባ መከራየት ያላዩትን ቤት እንደ መከራየት ነው።

ከመስማማታችሁ በፊት እነዚህን አንድ በአንድ ጠይቁ፣ መልሱንም በስልካችሁ ጻፉት፦

- ጀልባው ውስጥ ከእኛ ሌላ ሰው ይገባል?
- ዋጋው በጀልባ ነው በሰው?
- የዋሻውና የፏፏቴው መግቢያ ተካቷል? (አብዛኛውን ጊዜ አይካተትም።)
- ከሰዓት ወደ ፏፏቴው የሚወስደን መኪናስ? እዚያ ስንት ሰዓት ይጠብቀናል?
- መንገድ ላይ የት የት ይቆማል? መቆሚያውን እኛ መቀነስ እንችላለን?
- ለሁሉም ሰው የሚበቃ ላይፍ ጃኬት አለ?
- ሽንት ቤት አለው? (ትልልቆቹ ከኋላ አላቸው፣ ትንንሾቹ የላቸውም።)

ሙሉውን ገንዘብ ቀድማችሁ አትክፈሉ። ቀብድ ሰጥታችሁ ደረሰኝ ተቀበሉ፣ ቀሪውን ስትመለሱ። ሙሉውን ከከፈላችሁ በኋላ ጠዋት ላይ ሌላ ጀልባ ቢያመጡባችሁ የምትደራደሩበት ነገር በእጃችሁ አይኖርም።

3. ሰዓቱን በቁጥር ጻፉ

ይሄ የእኛ ሰው ብቻ የሚሠራው ስህተት ነው፤ እኔም ሠርቼዋለሁ። «ጠዋት በሁለት ሰዓት» እያሰብኩ ለባለ ጀልባው «ቱ» ብዬው፣ እሱ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ብሎ ያዘው። ጠዋት ወንዙ ዳር ቆመን ማንም የለም። ቀኑ እንዲሁ በከንቱ ሄደ።

ላኦስ እንደ ፈረንጅ ነው የምትቆጥረው፣ ከኢትዮጵያም በ4 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ 08:00 ብላችሁ ጽፋችሁ አሳዩት። አፍ ሳይሆን ጽሑፍ። ከዚህ በታች እኔ የምጠቅሰው ሰዓት ሁሉ በእኛ አቆጣጠር ነው፣ ግን በላኦስ ፀሐይ።

ጠዋት በ2 ሰዓት፣ ቢዘገይ በ2 ተኩል ውሃ ላይ ሁኑ። ለምን? ሽቅብ ጉዞው ጅረቱን እየታገለ ስለሆነ ወደ ሁለት ሰዓት ይወስዳል። መልሱ ከጅረቱ ጋር ስለሆነ አንድ ሰዓት ወይም ከዚያ ትንሽ በላይ ነው። ጠዋት አንድ ሰዓት ከዘገያችሁ ያ አንድ ሰዓት የሚቆረጠው ከፏፏቴው ነው፣ ከሌላ ከየትም አይመጣም።

4. ከመሳፈራችሁ በፊት

ጀልባዎቹ ረጃጅምና ጠባብ የእንጨት ጀልባዎች ናቸው፣ ጣሪያ አላቸው፣ ሞተሩ ከኋላ ነው፣ መሪው ከፊት። ስለዚህ ከፊት ተቀመጡ። ከኋላ ጫጫታውና የናፍጣው ሽታ አያስወራም።

ላይፍ ጃኬቱን በእጃችሁ ይዛችሁ እዩት። ማሰሪያው ይሠራል? ልጅ ካላችሁ የልጅ መጠን አለ? ቢስቁባችሁም ልበሱት። ሜኮንግ ላዩ ዝም ያለ ይመስላል፣ ውስጡ ግን ድንጋይና አዙሪት አለው፣ የአገሬው ባለ ጀልባ ራሱ መስመሩን እየመረጠ ነው የሚሄደው።

ወደ ጀልባው የሚወስደው ጠባብ ሳንቃ ነው፣ ጠዋት ደግሞ እርጥብ። አንድ በአንድ ተሻገሩ፣ ቦርሳችሁን ቀድማችሁ አቀብሉ።

ማስጠንቀቂያ፦ «ስፒድ ቦት» የሚባል አለ። ግማሽ ጊዜ ይቆጥብላችኋል ተብሎ ይሸጣል። አትግቡበት። ተሳፋሪው የሞተር ሳይክል ቆብ እንዲያደርግ የሚደረግበት ጀልባ ምን ዓይነት እንደሆነ እናንተው ገምቱት። በድንጋይ መሃል በዚያ ፍጥነት የሚሄድ ነገር ስህተት ሲሠራ ማረሚያ ጊዜ የለውም።

5. ዋሻዎቹ

ዋሻዎቹ ሜኮንግ ዳር ቀጥ ብሎ በቆመ የኖራ ድንጋይ ገደል ላይ ናቸው። ሁለት ናቸው፦ የታችኛው ታም ቲንግ፣ የላይኛው ታም ቱንግ። በሁለቱም ውስጥ ሰዎች በዘመናት ብዛት ያስቀመጧቸው በሺዎች የሚቆጠሩ የቡድሃ ሐውልቶች አሉ፤ ከመዳፍ የሚያንሱም፣ ሰው የሚያህሉም። ብዙዎቹ ያረጁ፣ የተሰበሩ ናቸው። የተቀደሰ ሐውልት ስለማይጣል ነው እዚህ የሚመጣው።

መጀመሪያ ወደ ላይኛው ውጡ። ከ200 በላይ ደረጃ አለው። እግራችሁ ሳይደክም፣ ፀሐዩም ሳይበረታ ብትወጡት ይሻላል፤ ብዙው ቡድን ደግሞ ከታችኛው ስለሚጀምር ላይ ስትደርሱ ሰው አይበዛም። ባትሪውን አብሩ፣ ትንሽ ቁሙ፣ ዓይናችሁ ጨለማውን ይልመድ። ወለሉ ወጣ ገባ ነው።

ከዚያ ወደ ታችኛው ውረዱ። አፉ ክፍት ስለሆነ ብርሃን ይገባል፣ ወንዙን ከሐውልቶቹ ጀርባ የሚያሳየው ታዋቂው ፎቶ የሚነሳው ከዚህ ነው።

ለሁለቱም አንድ ሰዓት ይበቃል። ቦታው ሰፊ አይደለም፣ ቀድማችሁ እወቁት። ግዙፍ ዋሻ ጠብቆ የመጣ ሰው «ይሄው ነው?» ብሎ ይናደዳል። እውነቱን ለመናገር የጠዋቱ ውበት ግማሹ የወንዙ ጉዞ ነው።

ሥነ ሥርዓቱ ቀላል ነው። ሐውልት አትንኩ፣ በተለይ ራሱን። ተቀምጣችሁ እግራችሁን ወደ ሐውልቱ አትዘርጉ። ሴቶች መነኩሴ አይነኩም፣ ዕቃም በእጅ ለእጅ አይሰጡም። «የሌላ እምነት ቦታ ነው፣ መግባት እንችላለን ወይ?» የሚለኝ አለ። ትችላላችሁ። ማንም ስገዱ፣ ዕጣን አጭሱ አይላችሁም። ዝግ ብሎ ማየት ይበቃል።

ማስጠንቀቂያ፦ ትንሽም ብትሆን ሐውልት ወይም ስባሪ አንስታችሁ ኪሳችሁ አትክተቱ። ነውር ብቻ አይደለም፣ ወንጀል ነው። ደረጃው ላይ ልጆች በትንሽ ቅርጫት ወፍ ይዘው «ልቀቋት፣ ጽድቅ ነው» እያሉ ይሸጣሉ። አትግዙ። እናንተ የምትለቋት ወፍ ተፈላጊ ስትሆን ነው ሌላዋ የምትጠመደው።

6. መመለሻው ላይ ያለችው መንደር

ብዙው ጀልባ ባን ሳንግ ሃይ ላይ ይቆማል። ላኦ ላኦ የሚባለው የሩዝ አረቄ የሚወጣበት መንደር ነው፣ ሽመናም አለ። 20 ደቂቃ ስጡት፣ ከዚያ በላይ አይፈልግም። አረቄው ከእኛ አረቄ አያንስም፣ በባዶ ሆድ ሁለት መለኪያ ጠጥቶ ሳንቃው ላይ መሻገር አይመከርም። እባብና ጊንጥ የተነከረበትን ጠርሙስ ለማስታወሻ አትግዙ፤ የዱር እንስሳ ስለሆነ ጉምሩክ ላይ ሊያጣላችሁ ይችላል።

ሰዓቱ ከሄደባችሁ ይህችን መንደር ዝለሏት። «መቆሚያ መቀነስ እንችላለን?» ብላችሁ ጠይቁ ያልኩት ለዚህ ነው።

7. ምሳ፣ ከዚያ መኪና

ከ6 ሰዓት ተኩል እስከ 7 ከተማ ትደርሳላችሁ። ምሳ ፈጣን ይሁን። የባለ ምግብ ቤቱን ትልቅ ሜኑ ትታችሁ ኑድል ብሉ። እርጥቡን ጫማ ቀይሩ፣ የዋና ልብሳችሁን ከታች ለብሳችሁ ውጡ፤ እዚያ ስትደርሱ የልብስ መቀየሪያ ወረፋ አትጠብቁም።

ወደ ኩዋንግ ሲ በሚኒባስ ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ነው። እኛ ባጃጅ የምንለው ዓይነት ትልቁ ቱክ ቱክም ይወስዳል፣ ዋጋው ይቀንሳል፣ ግን አቧራውን ትበሉታላችሁ። ሾፌሩ የሚጠብቃችሁ እስከ ስንት ሰዓት እንደሆነ ስትወርዱ ድጋሚ አረጋግጡ፣ የመኪናውን ታርጋ ፎቶ አንሱ። መኪና ማቆሚያው ላይ ሁሉም ሚኒባስ ነጭ ነው።

8. ፏፏቴው

ከ8 ሰዓት ግድም ደርሳችሁ እስከ 10 ተኩል ብትቆዩ ይበቃችኋል።

እንደገባችሁ ከአዳኞችና ከሕገ ወጥ ነጋዴዎች የተረፉ የእስያ ጥቁር ድቦች ያሉበት ማቆያ ታገኛላችሁ። ደረታቸው ላይ የጨረቃ ቅርጽ አላቸው። ልጆች ካሉ እዚህ ነው የምትቀሩት።

ከዚያ ገንዳዎቹ ይጀምራሉ። ውሃው ካልሲየም ካርቦኔት ተሸክሞ ነው የሚመጣው፤ እየፈሰሰ ያንን ድንጋይ ላይ ያስቀምጣል፣ ገንዳዎቹን እንደ ደረጃ የሠራቸውም፣ ያንን ሰማያዊ ቀለም የሚሰጣቸውም እሱ ነው። የገንዳዎቹን ጠርዝ ረግጣችሁ አትስበሩ የሚባለው ለዚህ ነው።

ቅደም ተከተሉ ይህ ይሁን፦ መጀመሪያ ሳትቆሙ ወደ ላይ ሂዱ፣ ዋናውን ፏፏቴ እዩ። ቁመቱ ከ50 ሜትር በላይ ነው። ፊት ለፊቱ ያለው ድልድይ ላይ ፎቶ አንሱ። ከዚያ እየወረዳችሁ ዋኙ። ቀድመው የሚዋኙ ሰዎች እርጥብ ልብስና የደከመ እግር ይዘው ነው ሽቅብ የሚወጡት፣ ግማሾቹም ይተዉታል።

መዋኘት የሚቻለው በተፈቀዱት ገንዳዎች ብቻ ነው፣ ምልክት አላቸው። ዋናው ፏፏቴ እግር ሥር አይቻልም። ውሃው ቀዝቃዛ ነው፣ በዲሴምበር ደግሞ ትንፋሽ ይቆርጣል። ቀስ ብላችሁ ግቡ። በጭንቅላት አትዝለሉ፤ ሰማያዊው ቀለም ጥልቅ ያስመስለዋል እንጂ ድንጋዩ ብዙ ቦታ ላይ ቅርብ ነው።

ወደ ፏፏቴው አናት የሚወጣ ቀጥ ያለ መንገድ አለ። ደረቅ ቀን ከሆነና ጫማችሁ ጥሩ ከሆነ ውጡ። ዘንቦ ከሆነ ተዉት፣ ጭቃው ያንሸራትታል፣ መውረጃው ከመውጫው ይብሳል።

ብዙ ሰው የሚሳሳትባቸው

ጉዞውን ገልብጦ ጠዋት ፏፏቴ፣ ከሰዓት ጀልባ ማድረግ። ሐሳቡ ክፉ አይደለም፣ ጠዋት ፏፏቴው ጋ ሰው ይቀንሳል። ግን ሽቅቡ ሁለት ሰዓት ስለሚፈጅ ትንሽ ከዘገያችሁ መልሱ ላይ ይመሽባችኋል፣ መብራት በሌለው ወንዝ ደግሞ በጨለማ መሄድ ማንም አይፈልግም።

ታት ሴን ከኩዋንግ ሲ ጋር ማምታታት። ታት ሴ ሌላ ፏፏቴ ነው፣ በናም ካን በኩል፣ ለከተማው ይቀርባል፣ በትንሽ ጀልባ ተሻግረው ነው የሚገቡት። ችግሩ በበጋ ውሃ የለውም። «ፏፏቴም በጀልባ ነው» ብሎ በፌብሩዋሪ የሚሸጥላችሁ ሰው ካለ ደረቅ ድንጋይ እየሸጠላችሁ ነው።

በቁምጣና በካናቴራ ዋሻ መሄድ። መሸፈኛ ነጠላችሁን መኪና ውስጥ ረስታችሁ ጀልባ ላይ መውጣትም ያው ነው።

የጀልባው ጉዞ ረጅም ለሚሆንባችሁ

ትንንሽ ልጆች ወይም አረጋዊ አብሯችሁ ካለ ከሦስት ሰዓት በላይ ጀልባ ላይ መቀመጥ ላይመቻቸው ይችላል። አንዱን መንገድ በመኪና አድርጉት። ከዋሻዎቹ ማዶ ባን ፓክ ኡ የምትባል መንደር አለች፣ ከከተማ በመኪና ይደረስባታል፤ ከዚያ በትንሽ ጀልባ ቶሎ ትሻገራላችሁ። ሽቅቡን በመኪና ሄዳችሁ ቁልቁሉን በጀልባ ብትመለሱ ወንዙንም ታያላችሁ፣ አንድ ሰዓት ያህልም ትቆጥባላችሁ። ይህን ከፈለጋችሁ ጀልባው ዋሻው ጋ መጥቶ እንዲጠብቃችሁ ከባለ ጀልባው ጋር ቀድማችሁ ተስማሙ፣ ዋጋው ግን ብዙ አይቀንስላችሁም፤ ጀልባው ለእናንተ ሲል ባዶውን ሽቅብ ይሄዳልና።

ማታ ቀሪውን ሂሳብ ስትከፍሉ «ኮፕ ጃይ» በሏቸው፣ አመሰግናለሁ ማለት ነው። የተረፋችሁን ኪፕ ደግሞ ከአገሩ ሳትወጡ መንዝሩት ወይም ብሉበት፤ ከላኦስ ውጭ የሚቀበላችሁ ማግኘት ከባድ ነው።